ካሜራው ያልቆመለት ሰው

የፊልም አዘጋጁ ገነነ የሞተው ሰው ሁሉ እያየው፣ ያውም እያደነቀው ነው።

የመቶ አለቃ ኦይታ ከሲቀላ ሰፈር ወርዶ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሲደርስ ሬሳው ከሙዝ ተክል ጥላ ሥር ተጋድሟል። የባላባት ካባ ለብሷል። መንፈስ እንዲመስል ፊቱ ላይ የተቀባውን ዱቄት ውሃው ግማሹን አጥቦ ግማሹን ትቶታል። ኦይታ የጨንቻ ደጋ ልጅ ነው፤ በፖሊስነት ዘመኑ የሰጠመ ሰው ብዙ አይቷል። ለመስጠም ተለማምዶ የሰጠመ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲቃረብ አንድ አስፈሪ ፊልም እንዲሠራ ከላይ ታዘዘ። አስፈሪ ፊልም ለአብዮት ምን ይሠራለታል ብሎ የጠየቀ ሰው አልተገኘም፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰው በልቡ ይዞ መተኛት የለመደበት ጊዜ ነው። ታሪኩ መሬቱን የተወረሰ ባላባት ሞቶ፣ መንፈሱ ከወንዝ እየወጣ ገበሬውን ሲያስጨንቅ ያሳያል። በዚያ ቀን የሚነሣው መንፈሱ ወደ ውሃው ተመልሶ የሚሰጥምበት ክፍል ነበር። ካባው እንዳይንሳፈፍ ጠርዙ ውስጥ አሸዋ ተሰፍቷል። ገነነ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሯል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ገመዱን ይስባል፣ ዳር ላይ ሸምበቆ ውስጥ የተደበቀው ሰው ጎትቶ ያወጣዋል።

ገነነ ሰጠመ። ብቅ አለ፣ እጁን አወራጨ፣ አፉን ከፈተ፣ እንደገና ሰጠመ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በፊልም ሥራ ካሜራውን የሚያስቆመው አዘጋጁ ብቻ ነው፤ እሱ «ከት» እስኪል ቤት ቢቃጠል እንኳ ዝም ይባላል። ይህንንም ደንብ ቡድኑን በቁጣ እያስጠና ያስተማረው ገነነ ራሱ ነበር። ያን ዕለት «ከት» የሚለው አፍ ውሃ ውስጥ ነበር።

«ገዳዩ ተይዟል» አለ ጓድ በዛብህ፣ ፊልሙን እንዲከታተል የተመደበው ካድሬ። «ዳልጮ የሚባል የላንቴ መንደር ዓሣ አጥማጅ ነው። ገመዱን የያዘው እሱ ነው። ጴንጤ ነው። መንፈሱን ሆኖ እንዲጫወት የተቀጠረው እሱ ነበር፤ እምነቴ አይፈቅድም ብሎ እምቢ ሲል ነው ገነነ ራሱ ካባውን የለበሰው። በሰው ፊት ‹መንፈስ የሚጠራ ሰው ውሃ አይምረውም› ብሎታል። ነገ መኪና ይመጣል፣ ይወሰዳል። አንተ የሬሳውን ነገር ጨርስ።»

ኦይታ ያንን መኪና ያውቀዋል። ተሳፍሮበት የተመለሰ ሰው ግን አያውቅም።

«መኪናው እስኪመጣ ሰዎቹን ላነጋግር?»

«አነጋግር። መጠየቅ አልተከለከለም» አለ በዛብህ። መልሱን ግን የሚፈልገው አይመስልም።

ዳልጮ በጣቢያው ክፍል ጥግ ተቀምጧል፤ ልብሱ ገና አልደረቀም። ኦይታ በጋሞኛ ሲጀምርለት በዛብህ ከበሩ ላይ «እኔም እንድሰማ በአማርኛ» አለ።

«ገመዱን ለምን አልጎተትክም?»

«አልጠራኝም፣ ጌታው። ገመዱ ከተነካች እጄ ያውቃል። ትንሽ ዓሣ ብትነካው እንኳን ያውቃል። ምንም አልነገረችኝም።»

«ሲወራጭ አላየህም?»

«ሸምበቆ ውስጥ ነኝ። ራስህን አታውጣ፣ ትታያለህ አሉኝ። አስተማሪዋ ሴትዮ ስትጮህ ነው የጎተትኩ። ገመዱ እምቢ አለች። ጣልኳትና ዘለልኩ። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ገመዱ በየት በኩል ነበር የሚያልፈው?»

«ውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድ አለ። በእሱ ሥር አሾልክ አለኝ፣ ካሜራ የሚያነሳ ሰውዬ። እንዳይታይ።»

«ውሃ አይምረውም ብለህ ነበር?»

ዳልጮ አንገቱን ደፋ። «ብያለሁ። እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው እንጂ እሱን ጠልቼ አይደለም። አላልኩም ብል ግን ውሸት ይሆናል።»

እንዲህ ያለ ሰው በምርመራ ክፍል ውስጥ የራሱ ጠላት ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ የዳልጮን ደጃፍ ደግሞ በዛብህ ከሩቅ አይቶታል። ኦይታ አዘነለት፤ ማዘኑም ለራሱ አስፈራው።

ውጭ ሲወጡ ካድሬውን «ለመሆኑ ፊልሙ እንዴት ነበር?» አለው።

«መጥፎ። እስካሁን የተነሣው አዲስ አበባ ታጥቦ አለቆች ፊት ቀረበ። ባላባቱ ከውሃ ሲወጣ ሳቁ። ጠላት የሚያስቅ ከሆነ ፊልሙ የማን ነው? ገነነን ምን ሆነህ ነው አልኩት። ጥፋቱ የካሜራማኑ የአበጋዝ ነው፣ አሻጥር አለበት አለኝ።»

«አበጋዝ ይህን ያውቃል?»

«ራሱን እንዲያርም ነግሬዋለሁ።»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ራሱን የሚያርምበት ጊዜ አያገኝም ነበር። ኦይታ ሌላ አልጠየቀም።

አበጋዝን ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ያረፈበት ሆቴል በረንዳ ላይ አገኘው። ካሜራማኑ ከታች ለሚታዩት ሐይቆች ጀርባውን ሰጥቶ ካሜራውን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል። ከጎኑ ዙሪያዋን በፕላስተር የታሸገች የፊልም ጣሳ አለች።

«ነፍስ ይማር። አብራችሁ ብዙ ሠርታችኋል አሉ።»

«ብዙ ሠርተናል። አንድም ጥሩ ነገር ግን አልወጣልንም» አለ አበጋዝ። «ገነነ ሁልጊዜ ከሩቅ አንሣ ይለኛል። ሰው የሚፈራው ያላየውን ነው፣ ካሳየኸው አበቃ ይላል። እኔ አላምንበትም፣ መቶ አለቃ። ፍርሃት ጨለማ ውስጥ የለም፤ ሰው ፊት ላይ ነው ያለው። አንድ ከልቡ የፈራ ፊት ካገኙ መንፈሱንም ካባውንም ይጣሉት። የእኛ ተዋንያን ግን አይፈሩም፣ ዓይናቸውን ያፈጣሉ እንጂ። ተመልካቹም ይስቃል።»

«ታዲያ የዛሬውን እንዴት አነሣኸው?»

«እሱ እንዳዘዘኝ፣ በሰፊው። ወንዙ፣ ወዲህና ወዲያ ያለው ዳር፣ ማዶ ያለው ዛፍ ሁሉ ይታያል። ገመዱን በግንዱ ሥር አሳልፍ ያልኩትም ለዚህ ነው። ገነነ በሌንሴ ውስጥ ጉንዳን አክሎ ነበር። መሞቱን በምን ልወቅ?»

መልሱ እንከን አልነበረውም። ኦይታ ወደ ጣሳዋ አመለከተ። «እዚህ ውስጥ ነው?»

«እዚያ ውስጥ ነው። ብርሃን ካገኘው ይቃጠላል። አዲስ አበባ ካልታጠበ ማንም አያየውም።»

መምህርት ፀዳለ እዚያው ሴቻ ነው የምትኖረው። በፊልሙ የገበሬ ሙሽራ ሆና ትጫወታለች፤ የራሷ ክፍል በማይነሣበት ቀን ያገኘችውን ሥራ ታግዛለች።

«አቡጀዲ ይዤ ነበር» አለች። «ቀን ተነሥቶ ሌሊት እንዲመስል ካሜራው ላይ ጥቁር መስታወት ያደርጋሉ። ያኔ ፊት ይጨልማል። ስለዚህ ነጭ አቡጀዲ ወጥሬ ፀሐይዋን ወደ ፊቱ እመልሳለሁ።»

«የት ቆመሽ?»

«ውሃው ዳር፣ ፊት ለፊቱ። ጫማዬ ርሷል።»

«አበጋዝ ፈንጠር በይ አላለሽም?»

«እንዲያውም ቅረቢ አለኝ። ብርሃኑ ከፊቱ እንዳይወርድ አለኝ።» ፀዳለ የረጠበ ጫማዋን ቁልቁል አየች። «አየሁት እኮ። ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው። ዛሬስ ገነነ እንዴት ጥሩ ተጫወተ አልኩ በልቤ። እጄ ዝሎ እንኳ አቡጀዲውን አላወረድኩም። ሳይወጣ ሲቆይ ነው የጮህኩት።»

ኦይታ አልፈረደባትም። እሱም እዚያ ቢኖር ኖሮ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ ወንዝ ወረደ። ገመዱን በግንዱ ሥር አሳለፈ፤ አሥር አለቃ ካሱን ጫፉን አስይዞ ሸምበቆው ውስጥ አስቀመጠው፤ ራሱ ልብሱን አውልቆ ገባ። ሳበ። ደግሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ገመዱ ከግንዱ ጉጥ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ሲወጣ ካሱ በትዕግሥት እየጠበቀ ነበር።

«መቶ አለቃ፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?» አለው።

በማግስቱ ሁሉንም ወንዙ ዳር ሰበሰባቸው። በዛብህ ሰዓቱን እያየ መጣ። ፀዳለ ጥቁር ለብሳለች። አበጋዝ እንደታዘዘው ካሜራውንና ጣሳዋን ይዟል። ዳልጮ እጁ ታስሮ ከካሱ አጠገብ ቆሟል።

«ገነነ ገመዱን ስቧል» ሲል ጀመረ ኦይታ። «ለመኖር ሲል ስቧል። ዳልጮ ያልተሰማው ገመዱ ግንዱ ላይ ስለተቀረቀረ ነው። ትናንት እኔ ውሃ ውስጥ ሆኜ ስስብ ቆይቼ ስወጣ ካሱ መቼ ነው የሚጀምሩት አለኝ። እንግዲህ ጥያቄው ገመዱን ማን ያዘ አይደለም፤ በግንዱ ሥር እንዲያልፍ ማን አዘዘ ነው።»

«አልደበቅኩም፣ እኔ ነኝ» አለ አበጋዝ። «ምክንያቱንም ነግሬዎታለሁ። በሰፊው ሳነሣ ገመድ ይታያል።»

«ልክ ነህ። በሰፊው ካነሣህ ገመዱ መደበቅ አለበት። ግን በሰፊው ካነሣህ ፀዳለም ትታያለች። መንፈሱ በሚሰጥምበት ወንዝ ዳር አንዲት መምህርት አቡጀዲ ዘርግታ ቆማለች። ይህን የመሰለ ነገር አለቆችህ ፊት ልታቀርብ ነበር?»

አበጋዝ ካሜራውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«እንዲያውም ቅረቢ ብለሃታል። ጉንዳን ለሚያክል ሰው ፊቱ ላይ ብርሃን ምን ያደርጋል? ያነሣኸው ፊቱን ብቻ ነው። ፊቱን ብቻ ካነሣህ ደግሞ ወገቡ ላይ ያለውን ገመድ ካሜራው አያየውም፤ በግንዱ ሥር የሚያልፍበት ምክንያት የለም። አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያለው። ገነነ አሻጥረኛ ብሎ ሊያስበላህ ነበር፤ አንተ ቀደምከው።»

«ግምት ነው» አለ አበጋዝ።

«ግምት ነው። በእውነት በሰፊው አንሥተህ ቢሆን ኖሮ ውሸትህ እውነት ይሆን ነበር፣ እኔም አልደርስብህም ነበር። ያን ማድረግ ነው ያቃተህ። ዕድሜህን ሙሉ ስትፈልገው የኖርከው ፊት ከፊትህ መጥቶ፣ ከሩቅ አንሥተህ ልታበላሸው አልቻልክም።» ኦይታ ጣሳዋን አንሥቶ ሰጠው። «ማስረጃው ይኸውልህ። ፀሐይዋም ወጥታለች። ክዳኗን ክፈትና እንገላገል። ከተቃጠለ ማንም በምንም ሊከስህ አይችልም።»

አበጋዝ ጣሳዋን በሁለት እጁ ያዘ። አውራ ጣቱ የፕላስተሩን ጫፍ አገኘች፣ ትንሽ ላጠች፣ ቆመች። ሁሉም ጠበቁት። ቀስ ብሎ የተላጠውን መልሶ ለጠፈና ጣሳዋን ደረቱ ላይ አቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አልችልም» አለ። «ስንት ዓመት ካሜራ ተሸክሜ እውነት የሆነ ነገር ያነሣሁት ይህን ብቻ ነው። ጓደኛዬ ነበር። ወደ እኔ ነበር የሚያየው። እኔ እንደማየው ያውቅ ነበር።»

ፀዳለ ፊቷን ሸፈነች። ካሱ ማንም ሳያዘው የዳልጮን እጅ መፍታት ጀመረ።

«ተው» አለው በዛብህ። ወደ አበጋዝ ሄዶ ቁልቁል አየው። «ፊቱ በደንብ ወጥቷል?»

«ወጥቷል።»

«ያስፈራል?»

«ያስፈራል።»

በዛብህ ኦይታን ክንዱን ይዞ ወደ ሙዞቹ ወሰደው። «በዓሉ ደርሷል። ፊልሙን የሚጨርስ ሌላ ካሜራማን የለኝም። ዓሣ የሚያጠምድ ሌላ ሰው ግን ይኖራል።»

«ሰውየው ንጹሕ ነው፣ ጓድ። አሁን በጆሮዎ ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። ገዳዩ ጴንጤ ነው ብዬ ትናንት ወደ ላይ አሳውቄአለሁ። አሁን ተሳስቻለሁ ልበል? ለማን ነው የምለው? አንተ ትልልኛለህ?» ኦይታ በካድሬው ፊት ላይ እውነተኛ ፍርሃት አየ። «መኪናው ላይ አንተ ራስህ ታሳፍረዋለህ። ካላሳፈርክ ቦታ አለው፣ ሁለት ሰው ይይዛል።»

መኪናው ከቀትር በኋላ መጣ። ዳልጮ እጁ ታስሮ ስለነበር መኪናው ላይ መውጣት አቃተው፤ ኦይታ ብብቱን ይዞ አወጣው።

«ጌታው፣ አንተ አውቀሃል። እኔ አይደለሁም» አለ ዳልጮ።

«አውቄአለሁ።»

«ለወርቂቱ ንገርልኝ። ሚስቴ ናት። ሰው ብዙ ያወራል፣ ከአንተ ትስማ።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ኦይታ መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ ተመለከተ፣ ከዚያ በእግሩ ወደ ላንቴ ሄደ።

ወርቂቱ ደጃፏ ላይ መረብ ስትጠግን አገኛት። ገዳዩ ሌላ ሰው መሆኑን በጋሞኛ ሲነግራት መረቡን ጥላ ተነሣች፤ ጌታን አመሰገነች፤ ጎረቤቶቿን ጠራች፤ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችው፣ የበሰለ ሙዝም አቀረበችለት። እንዴት እንደደረሰበት እንዲያጫውታት ለመነችው። እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት፤ ገመዱን፣ ግንዱን፣ አቡጀዲውን፣ ጣሳዋን። ባሏ ንጹሕ መሆኑን ማንም ሊክደው በማይችል መንገድ አስረዳት። በመጨረሻ መኪናውን ነገራት።

ወርቂቱ ያቀረበችለትን ሙዝ ከፊቱ አነሣች።

«ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው በእጅህ ያሳፈርከው?» አለችው።

«አዎ» አለ ኦይታ።