የሽመላ ፊርማ

ከአንድ ማኅፀን ወጥተው፣ ከአንድ ገበታ በልተው አድገው፣ እንደ እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች የተለያዩ ሰዎችን ማግኘት ያስቸግራል። ታላቅየው ሰዓት ሠሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ትንፋሹን ውጦ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ ብሎኖችን ሲያጠብቅ ኖሯልና፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ በር እንኳ የሚዘጋው የተኛ ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው በቀስታ ነበር። ታናሽየው የሱቅ ሰሌዳ ጻፊ ነው። ሳቁ ከአጥር ውጭ ይሰማል፤ ቀለም ያልነካው ሸሚዝ የለውም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶም ሐዘንተኛውን ሳያስቅ ወጥቶ አያውቅም። ታላቅየው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ካርዶች፣ የተፈረመባቸውንም ኳሶችና ማሊያዎች ይሰበስባል፤ ፀሐይ ቀለማቸውን እንዳትበላው መጋረጃውን ዘግቶ ይጠብቃቸዋል። ታናሽየው ደግሞ ያላግጥበታል። «ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ የልጅ ልጅ ያሳድጋል፤ የኛ ጌታ ወረቀት ያሳድጋል!» ሲል ቤተሰቡ ሁሉ፣ ታላቅየውም ሳይቀር፣ ይስቅ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው ካርዶቹን በሚያኖርበት ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የዚያን ቀን ሳቅ ከቤቱ ወጣ፤ ቦታውንም ፍርሃት ወረሰው።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ክፍሉ እንደገባች ማንንም ሳታናግር ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል የሚል እምነት አላት። በመስኮቱ ሥር ሟቹ ሻዩን የሚጠጣባት ትንሽ ጠረጴዛ አለች፤ ወንበሩ ወደ ኋላው ተገልብጧል። ሰውየው ከዚያ ተነሥቶ፣ ኩባያውን እንደያዘ ወደ በሩ ሲንገዳገድ፣ መኻል ላይ በቆመው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ወድቋል። የኩባያው እጀታ አሁንም ከጣቱ አልወጣም። ጥቁሩ ሻይ በጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ላይ ተንጣልሎ ደርቋል። በዚያ ሁሉ እድፍ መካከል ግን፣ ከመዳፍ የምታንስ አራት ማዕዘን ቦታ ነጭ እንደሆነች ቀርታለች።

መርማሪዋ ያችን ቦታ ብዙ አየቻት። ከዚያም ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። በመካከሉ፣ ብቻዋን በክብር የቆመች አንዲት ካርድ አለች። በላይዋ ያለው «ሽመላ» የሚሉት ባለ ረጅም እግር ተጫዋች ነው፤ ገና በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ሞቷል። የታተመችው ካርዱ በየሱቁ ሞልታለች፤ በእጁ የፈረመባት ግን ይህች ብቻ እንደሆነች ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃል። ካርዷ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍና፣ በላዩ ደግሞ በጠንካራ ማኅደር ውስጥ ገብታለች። በታችኛው ጠርዟ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ቡናማ መስመር ይታያል።

«የገደለው የራሱ የልብ መድኃኒት ጠብታ ነው» አለ ሐኪሙ፣ ኩባያውን ከመረመረ በኋላ። «ሻዩ ውስጥ ያለ ልክ ተጨምሯል።»

«ሻዩን ማን አቀረበ?»

 የሟቹ ባልቴትም ዓይን፣ የልጇም ዓይን፣ ሳይፈልጉ ወደ ምራቲቱ ዞረ። ምራቲቱ ነርስ ናት፤ የሟቹን መድኃኒት የምትለካው እርሷ ነበረች። ሆዷ ገፍቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት አንዱ የቀዳውን ሌላው አይጠጣም። ባልቴቲቱ ውሃዋን ራሷ ቀድታ ጠርሙሱን ብብቷ ሥር ይዛ ትዞራለች። በር ሲንኳኳ ሁሉም አብሮ ይደነግጣል። ልጁ እንኳ፣ ሚስቱ የሰጠችውን ብርጭቆ «ኋላ እጠጣዋለሁ» ብሎ ተቀብሎ፣ ፊቷን ስታዞር ጠብቆ ደፋው። በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አየችው። 

መርማሪዋ ያገኘቻት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ቆማ ነው።

«ልጄ፣ አልደብቅሽም። እስከ ነገ ሌላ ሰው ካላገኘሁ አንቺን እንድይዝ ታዝዣለሁ።»

«እስር ቤት ልወልድ ነው?»

«እዚያ እንዳትወልጂ ነው የመጣሁት። ሻዩን ስትቀጂ ማን ነበር?»

«ሁሉም ይገባል ይወጣል። እማማ ስኳር ሊወስዱ ገቡ። ባለቤቴ ቁልፍ ፈልጎ ገባ። ጋሼም፣ የባለቤቴ አጎት ማለቴ ነው፣ እንደ ልማዳቸው ይቀልዱ ነበር። በጣም አሳቁኝ፤ ሆዴን ይዤ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ።» እንባዋ መጣ። «የዚያን ቀን መሳቄ ይቆጨኛል።»

«መድኃኒቱስ የት ነበር?»

«እዚሁ፣ መደርደሪያው ላይ። የምለካው እኔ፣ የቀዳሁት እኔ። አሁንስ ራሴን መፍራት ጀምሬያለሁ፤ ተሳስቼ ይሆን እንዴ እላለሁ።»

«አንቺ አልተሳሳትሽም። የተሳሳተ ሌላ ሰው አለ» አለቻትና ወጣች።

ሰሌዳ ጻፊው በግቢው ጥግ፣ ያልደረቀ ሰሌዳ አጠገብ ተቀምጧል። 

«ኢንስፔክተር፣ ይቀመጡ፤ ወንበሩ ግን ቀለም አለው፤ በኋላ ‹ዳቦ ቤት› የሚል ጽሑፍ ይዘው እንዳይሄዱ።»

ቀልዱ ማንንም ሳያስቅ ሞተ።

«ማክሰኞ ወንድምዎን አይተዋል?»

«እዚያ ክፍል ከገባሁ ከርሟል። እኔ ካርድና ካርድ አልለይም፤ ለኔ ሁሉም ረጅም ሰውና ቁምጣ ነው። ይልቅ ያንን ጓንቴን ይጠይቁት። እሑድ ዕለት በራችን ላይ ቆሞ ‹ትጸጸታለህ!› ብሎ ሲጮህ ሰፈር ሰምቷል።»

ጓንቴ የካርድ ነጋዴ ነው፤ ነጭ ጓንቱን ስለማያወልቅ ይህ ስም ወጥቶለታል። መርማሪዋን አስገብቶ በሩን ሁለቴ ቆለፈ።

«እኔን ነው የሚሉት አይደል? ዐውቄዋለሁ! እህል አልቀመስኩም።»

«ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ! አዲስ ካርቶን የምከፍትበት ቀን ነው። ሱቁ ሙሉ ሰው እጄን እጄን ሲያይ ነው የዋለው፤ ይጠይቋቸው።»

«ታዲያ ጠቡ ምንድን ነው?»

ጓንቴ ከመሳቢያው አንዲት ካርድ አወጣ። ሽመላ ነው፤ ያው ካርድ፣ ያው ፊርማ።

«ከማላውቀው ሰው በፖስታ መጣችልኝ። ለሰዓት ሠሪው ባሳየው በማጉያው አየና ‹ይህች ሐሰተኛ ናት› አለኝ። እኔም ‹ያንተዋ ብትሆንስ? ትጸጸታለህ!› ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ምላሴን ይቁረጠው።»

መርማሪዋ ማጉያውን ተቀበለችው። የፊርማው ጭራ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጦ እንደገና ይቀጥላል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ብዕሩ የዘለለበት ነው። ሽመላ ከጨዋታ እንደወጣ ነው የፈረመው ይባላል፤ ላቡ ጠብ ያለበት ላይ ቀለሙ አልያዘም።»

«የሰዓት ሠሪውስ?»

«እሷም ልክ እዚያው ላይ...» ጓንቴ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«አዎ» አለች መርማሪዋ። «ላብ ሁለት ካርድ ላይ አንድ ቦታ ጠብ አይልም። ይህችን ያውሱኝ።»

በማግስቱ ሁሉንም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው፤ ባልቴቲቱን፣ ልጇን፣ ምራቲቱን፣ ሰሌዳ ጻፊውን፣ ጓንቴንም። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጆግ ውሃ በቀር ምንም የለም። ውሃውን የነካ አልነበረም።

«ሟቹ ሻይ የሚጠጡት ከካርዶቻቸው ርቀው፣ በመስኮቱ ሥር ነበር» ብላ ጀመረች። «ያመማቸው እዚያ ነው። ኩባያውን እንደያዙ ተነሡ፤ እዚህ ወደቁ፤ ሻዩ ፈሰሰ። ጨርቁ ላይ ነጭ ሆና የቀረችው ቦታ፣ ሻዩ ሲፈስ ካርዷ የተቀመጠችባት ናት። ጠርዟም ሻይ ነክቶታል። ታዲያ ማን አነሣት? እርሳቸው አይደሉም፤ ጣታቸው ከኩባያው እጀታ አልወጣም።»

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ባልቴቲቱ።

«አዎ፣ እማማ። ባለቤትዎ ሲሞቱ እዚህ ሌላ ሰው ነበር። እርሳቸው ሲያጣጥሩ፣ ያ ሰው እጁን ዘርግቶ ያዳነው ካርዷን ነው። ጠርዟን አድርቆ፣ በሁለት ልባስ ከትቶ፣ ቦታዋ መልሷታል።»

ሁሉም ሳይታወቀው ወንበሩን ከጎረቤቱ ራቅ አደረገ።

«እንዲህ የሚያደርግ ካርድ የሚያውቅ ነው» አለ ልጁ። ሁሉም ወደ ጓንቴ ዞሩ።

«እኔ አይደለሁም!»

«እርሱ አይደለም፤ ሱቁ ሙሉ ሰው መስክሮለታል። ይልቅ ይህን ስሙ። የሽመላን ፊርማ አስመስሎ የሠራ ሰው አለ፤ ብዕሩ የዘለለበትን ሳይቀር ቀድቷል። ዋናዋ ካርድ ደግሞ ከዚህ ክፍል ወጥታ አታውቅም። ስለዚህ አስመሳዩ እዚህ የሚገባና የሚወጣ ሰው ነው። ሟቹ ይህን ደርሰውበት ነበር። ማክሰኞ ካርዷን ከማኅደሯ ያወጧት ለዚያ ሰው ሊያሳዩት ነው።»

ከቦርሳዋ ሁለት ካርዶች አውጥታ፣ ያለ ልባስ፣ ጎን ለጎን ጨርቁ ላይ አኖረቻቸው።

«አንዷ የሟቹ ናት፤ አንዷ የጓንቴ። በሻዩ መስመር እንዳይለዩ የሁለተኛዋንም ጠርዝ ሻይ አስነክቻለሁ።»

ጓንቴ እንደ ተወጋ ሰው አቃሰተ።

«ይለዩልን» አለችው።

ጓንቴ አጎነበሰ፤ ቀና አለ፤ እንደገና አጎነበሰ። «ግራዋ... አይ፣ ቀኟ... በፈጣሪ፣ አልችልም።»

«እንግዲያውስ...» ብላ ጆጉን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ጆጉ ተገለበጠ።

ባልቴቲቱ ጮኸች። ልጁ ወደ ኋላው ዘለለ። ምራቲቱ ሆዷን አቀፈች። ጓንቴ፣ ካርድ ሲሞት ማየት የማይችለው፣ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ እጅ ብቻ ወደ ፊት ተወረወረ፤ ቀለም የማይለቀው እጅ። ቀኝ በኩል፣ በአፍንጫው ሥር ያለችውን ካርድ አልፎ፣ ግራ በኩል ያለችውን መነተፈና ደረቱ ላይ ለጠፋት። ቀኟን ውሃው ዋጣት።



«ምን ታያላችሁ?» አለ ሰሌዳ ጻፊው ሊስቅ እየሞከረ። «ሰው ውሃ ሲፈስ የቀረበውን ያነሣል።»

«የቀረበችዎ ቀኟ ነበረች» አለች መርማሪዋ። «የያዙት የሟቹን ነው። ነጋዴው እንኳ ያልለያትን፣ ሁሉም ረጅም ሰውና ቁምጣ የሆነበት ሰው እንዴት ለያት?»

ሰሌዳ ጻፊው እጁ ውስጥ ያለችውን ካርድ አየ። ከፊቱ ላይ ፍርሃቱ ቀስ እያለ ወረደና፣ ከፍርሃት የከፋ ነገር ተተካበት፤ ኩራት ነበር።

«ሃያ ጊዜ ደባልቀው ያስቀምጧቸው» አለ። «ሃያ ጊዜም ይህችኑ አነሣለሁ። የኔዋ ታምራለች፤ ግን አትሮጥም። ሽመላ ሲፈርም እጁ ይሮጥ ነበር።»

«ዋርሳዬ!» አለች ባልቴቲቱ። «ምን እያልክ ነው?»

«ዕድሜ ልኬን የሰው ስም ጻፍኩ፤ የዳቦ ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን። ማን ጻፈው ያለ የለም። በስተርጅና አንዴ የጻፍኩትን ሰዎች ማጉያ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው አዩልኝ።»

«ወንድምህስ? ወንድምህን ምን በደለህ?»

«ሻዩ ሳይቀዳ ጠርቶ ‹ለቤተሰቡ ራስህ ንገራቸው፤ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። እኔ በዚህ ቤት ያለኝ አንድ ሳቅ ነው። አጭበርባሪ ከተባልኩ በቀልዴ ማን ይስቃል?» ወደ ምራቲቱ ዞረ፤ ዓይኗን ግን ሊያይ አልደፈረም። «ስትስቂ ነው የጨመርኩት፣ የኔ ልጅ። ፊትሽን ስታዞሪ።»

ምራቲቱ አፏን በእጇ ከደነች። ሰሌዳ ጻፊው ካርዷን በሁለት ጣቱ፣ በጠርዟ ብቻ ይዞ ለጓንቴ አቀበለው። ከዚያም ሁለቱንም እጆቹን ለመርማሪዋ ዘረጋ።

የመኪናው ድምፅ ከርቀት እስኪጠፋ ማንም ከቦታው አልተነሣም። ከዚያ ባልቴቲቱ የምራቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ምራቲቱ በክንዷ ይዛ አስቀመጠቻት።

«ተይ፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ ልበልሽ።»

ልጁም ቀረብ አለ። «እኔም... ፈርቼ ነው። ሁላችንም ፈርተን ነበር።»

«ዐውቃለሁ» አለች ምራቲቱ። «እኔም ፈርቼ ነበር፤ አንተን ግን አልፈራሁም። አሁን ስሙኝ፤ አስቤበታለሁ። ዛሬ ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ፤ የምወልደውም እዚያ ነው። እማማ፣ በእርስዎ ቂም የለኝም፤ ባልዎን ቀብረው ማንን እንደሚያምኑ ቢጠፋዎት አይፈረድብዎትም። የልጅ ልጅዎን ሲፈልጉ መጥተው ይታቀፋሉ።»

«እኔስ?» አለ ባሏ። «ዕቃሽን ይዤ አብሬሽ ልምጣ?»

«አንተ ሚስትህን ያመንካት መርማሪ ከመሰከረላት በኋላ ነው። ዕቃዬን ራሴ እይዛለሁ። ልጁ ሲወለድ መልእክት ይደርስሃል፤ እንደማንኛውም ሰው በር አንኳኩተህ ትገባለህ። አብረን እንኖራለን ወይስ አንኖርም የሚለውን ያን ጊዜ ፊትህን አይቼ እወስናለሁ፤ ዛሬ ግን ብቻዬን እሄዳለሁ።»