ልቅሶው አላለቀም

ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሽማግሌዎች መካነ ሰላም ከተማ ያለው ቤቴ ድረስ መጥተው የእህቴን የየሻለምን መርዶ ነገሩኝ። ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ታማ ሞታለች። ከመጮኼ በፊት ያደረግሁት፣ እኔ ዘንድ የምታድገውን የስምንት ዓመት ልጇን ሰብሌን በጓሮ በር ወደ ጎረቤቴ ወደ እትዬ አልታዬ መላክ ነበር። ልጅ መርዶ አይሰማም ተብለን ነው ያደግነው።

ሰብሌ እዚያው ሰነበተች። ምግብ እንቢ አለች፤ አፏን ዘጋች። ስልክ ሲጠራ ብቻ ብድግ ትላለች አሉኝ።

በአራተኛው ቀን የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ጋሼ አራጋው አግዳሚ ወንበሮቹን ሊወስዱ መጡ። ሰብሌ አምልጣ መጥታ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው የነፉት?»

«የሩቅ ዘመድ ነው» አልኩ ቀደም ብዬ። «እናትሽ ሥራ በዝቶባት ነው ያልደወለችው።»

ጋሼ አራጋው ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝ። «ምነው እታለም?»

«ልጅ ናት፤ ትደነግጣለች። ስታድግ ትሰማለች።»

«እህል የተወችው ምን ሆና መሰለሽ? እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት እኩያዬ በጠብ መሃል ‹የሙት ልጅ!› ብሎ ሲሰድበኝ ነው። ያን ቀን የጠላሁት ደብቃኝ የኖረችውን እናቴን ነው። አሁን ደግሞ እኔው ለአገሩ ሁሉ ለፍፌ ባለ ሐዘኗን ዘለልኳት! ንገሪያት፤ አጠገባችሁ እቀመጣለሁ።»

ወደ ሰብሌ ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ሰብልዬ፣ እናትሽ ሞታለች» አልኳት።

አላለቀሰችም። «ጫማ ላኪልኝ ብዬ ስላስቸገርኳት ነው?» አለች።

ጋሼ አራጋው በዚያ እድሜያቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉላት። «የለም ልጄ፤ ታማ ነው። ጫማ መጠየቅ ሰው አይገድልም።»

ያኔ ጮኸች። እቅፌ ውስጥ ሆና እንደ እኔው አለቀሰች።

የእድሩ ሊቀመንበር ወንበሮቹ ለሌላ ሐዘን ቤት ይፈለጋሉ ብለው ለጋሼ አራጋው ደወሉ።

«ልቅሶው አላለቀም» አሉ ጋሼ አራጋው። «ዋናዋ ገና ዛሬ ሰማች።» የደራረቧቸውንም ወንበሮች አንድ በአንድ መልሰው ዘረጉ።

ጎረቤት ተመልሶ ተሰበሰበ፤ አሁን የመጣው ለሰብሌ ነው። «እናትሽ ስትስቅ እኮ ደጎሎ ከተማ ድረስ ይሰማል!» አሏት እትዬ አልታዬ። ልጅቱ እያለቀሰች ሳቀች። ያን ቀን ምሳዋን በላች።

ወገኖቼ፣ ልጅን ከመርዶ ስናሸሽ ሐዘኑ አይቀርለትም፤ የሚቀርበት አጽናኝ ነው።

ሰብሌ ዛሬ ትምህርቷን ትማራለች። ጋሼ አራጋውም ከዚያ ወዲህ ጥሩንባቸውን ከማንሳታቸው በፊት ሐዘን ቤት ገብተው «ልጆቹ ሰምተዋል?» ብለው ይጠይቃሉ።