ያልተንቀሳቀሱት ሳጥኖች

ገጽ አቀናባሪው በማተሚያ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ በወረቀት መቁረጫው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን የብረቱ ጠርዝ ፈንክቶታል። ሐኪሙ ከቀትር እስከ ምሽት ባለው ጊዜ መሞቱን እንጂ ሰዓቱን ለይቶ መናገር አልቻለም።

ሰዓቱን የለየችው የማተሚያ ቤቱ አራሚ ነበረች። በዕለቱ ከከተማ ውጭ ሆና፣ ሲመሽ ሟቹ ሲያቀናብረው የነበረው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ከራሱ ኢሜይል ደርሷታል። ያን ጊዜ በሕንፃው ውስጥ የነበሩት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ተይዘው አደሩ።

«ልጄ፣ በሩን ባንኳኳ መልስ አጣሁ። ሥራ ይዞት ነው ብዬ ሄድኩ» አሉ ለመርማሪዋ።

እዚያው አቀናባሪ የሆነውና የሟቹን ይለፍ ቃል የሚጋራው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ከቀትር ጀምሮ እናቱ ዘንድ ነበር። እናቲቱ ከአልጋቸው ሆነው መሰከሩለት።

«ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለም። ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲለፋ ነው ያመሸው።»

«ምን እየሠራ ነበር፣ እማማ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ብላ ብለው እንኳ እሺ አላለኝም።»

መርማሪዋ ቢሮዋ ተመልሳ መጽሐፉን ገጽ በገጽ አየችው። በየገጹ ኅዳግ ማስታወሻ የያዙ ሳጥኖች አሉ፤ ሁሉም በገመድ የተለኩ ይመስላሉ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ግን አንዱ ወደ ላይ ሸሽቷል፣ ሌላው ወደ ጠርዙ ተጠግቷል። አራሚዋን ጠራቻት።

«ይሄ የሟቹ እጅ ነው?»

«እሱማ ሳጥን በእጁ ጎትቶ አያውቅም፤ ስታይል በሚባለው፣ አስቀድሞ ባበጀው ልክ ነው የሚያስቀምጠው። ወንድሙ ግን በእጁ ይጎትታል፤ ነጋ ጠባ የሚጨቃጨቁትም በዚሁ ነበር።»

በማግስቱ ሁሉንም በኋላ ክፍል ሰበሰበቻቸው። እናቲቱም ልጄን ብቻውን አልተውም ብለው በሰው ተደግፈው መጡ።

«ሟቹ ለኅዳግ ሳጥኖች አንድ ስታይል አበጅቷል» አለች መርማሪዋ። «ከጠርዙ የሚርቁበትን ልክ እዚያ ላይ ስንለውጠው፣ ስታይሉን የያዙት ሁሉ ይከተላሉ። እዩ።»

በሟቹ ኮምፒውተር ላይ ልኩን ለወጠችው። ሳጥኖቹ በየምዕራፉ አንድ ላይ ፈቀቅ አሉ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ አንድም የተንቀሳቀሰ የለም።

«ይህን የሠራው ሟቹ አይደለም። ስለዚህ ሲመሽ በሕይወት ነበር የምንልበት ማስረጃ የለንም፤ ቀትር ላይም ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ጋሼ ኮምፒውተር መክፈት አያውቁም። አራሚዋ እዚህ አልነበረችም። የሟቹን ይለፍ ቃል የሚያውቅ፣ ሳጥን በእጁ የሚጎትት፣ ያን ምሽት ኮምፒውተር ታቅፎ ያመሸ አንድ ሰው ነው።»

ታናሽየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«‹እዚህ ሥራ ላይ ያቆየሁህ ለእማዬ ስል ነው› አለኝ። ገፈተርኩት። እንዲሞት ብዬ አይደለም።»

«ጥለኸው ስትወጣ ይተነፍስ ነበር?»

«አዎ» አለ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሽማግሌው ነፃ መውጣታቸውን የረሱት ይመስል ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቀሩ። እናቲቱ የመርማሪዋን እጅ ያዙ።

«እኔ ነኝ ያስያዝኩት? ኮምፒውተር ይዞ ነበር ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አይደሉም፣ እማማ» አለች መርማሪዋ።

እናቲቱ ዓይን ዓይኗን አይተው እጇን ለቀቁት።