የሰባተኛው ደርብ አቤቱታ

በጮራ ከተማ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚናገረው ለግድግዳው ነው። በየቤቱ የተተከለችው የግድግዳ ጆሮ ድምፁን ተቀብላ ቃለ አጣሪ ለሚባለው መሣሪያ ታስተላልፋለች። ቃለ አጣሪም የሁለት ሚሊዮን ነዋሪ ሮሮ፣ ምስጋናና ጥያቄ አዳምጦ ፍሬ ነገሩን ለየደርቡ በአንድ ገጽ ያቀርባል። ሚኒስትሮችም የምክር ቤት አባላትም ጠዋት ጠዋት ያችን ገጽ ያነባሉ። ላይ ያለው ሙቀት ሰው አላኖር ብሎ ከተማዋ ከምድር በታች ከተቆፈረች ወዲህ አሠራሩ ይኸው ነበር። ቅር ያለው ሰውም አልነበረም።

እልፍነሽ ጉርሙ በምክር ቤቱ የሰባተኛው ደርብ ተወካይ ነበረች። ሰባተኛው የመጨረሻው ታችኛው ደርብ ነው። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ዐለቱ ራሱ ስለሚግል፣ እዚያ ሰው የሚኖረው ከላይኞቹ ደርቦች በማሽን ቀዝቅዞ በቦይ በሚወርድ አየር ነው። አንድ ቀን ለትምህርት ቤት ምረቃ ወርዳ ስትመለስ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አቆሟት። ላምቦሬ ይባላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአየር ማራገቢያ ጠጋኝ ነበሩ።

«እርስዎ መልስ ይሰጡኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉ። «ባለቤቴ ከሞተች ነገ አርባ ቀኗ ነው።»

«ነፍስ ይማር፣ አባባ። ምን አገኛቸው?»

«ሙቀት። የመስመራችን ማራገቢያ ቆመ። ለግድግዳው ሦስት ጊዜ ተናገርኩ፤ ማንም አልመጣም። ራሴ እንዳልጠግነው ጉልበቴ መሰላል አልወጣ አለኝ።»

እልፍነሽ አጽናናቻቸው እንጂ ሙሉ በሙሉ አላመነቻቸውም። የደርቧን ገጽ አንድም ቀን ሳታነብ ውላ አታውቅም። ቢሮዋ ስትደርስ የዚያን ሰሞን ገጾች አወጣች። «በሰባተኛው ደርብ የአየር ምቾት መለስተኛ መቀነስ ታይቶበታል። ነዋሪዎች ማሻሻያውን በትዕግሥት እየጠበቁ ነው» ይላል። ሞት የሚል ቃል በአንዱም ገጽ ላይ አልነበረም።

ሐሙስ በምክር ቤቱ የሚኒስትሮች የጥያቄ ቀን ነው። የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ናሁሰናይ በዳኔ አዲስ ዕቅድ ይዘው ቀርበው ነበር። ከታችኞቹ ደርቦች ቀዝቃዛ አየር አንድ አምስተኛው ተቀንሶ ሁለተኛው ደርብ ላይ ለሚከፈቱት ፋብሪካዎች ይሰጥ የሚል ነው።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ጥያቄዬ ለክቡር ሚኒስትሩ ነው» አለች እልፍነሽ። «አሁን ባለው አየር እንኳ ሰባተኛው ደርብ ላይ ሰው በሙቀት እየሞተ ነው። ከዚህ ላይ ምን ሊቀነስ ነው?»

ሚኒስትሩ ረጋ ብለው ተነሡ። «ፋብሪካዎቹ ለስድስት ሺህ ሰው ሥራ ይከፍታሉ። ከእነዚህ ግማሹ የታች ደርብ ወጣቶች ናቸው። ዕቅዱ የተነሣው ለእነሱ ሲባል ነው። በሙቀት የሞተ ሰው እንዳለ ግን የደረሰኝ ነገር የለም። የተከበሩ አባልም እኔ የማነባትን ገጽ ነው የሚያነቡት።»

ከወዲያ ከወዲህ የታፈነ ሣቅ ተሰማ።

«እንግዲያው በደንባችን መሠረት ነዋሪው ለግድግዳው የተናገረው ዋናው ድምፅ ይቅረብልኝ።»

አፈ ጉባኤው ደንቡን ማገላበጥ ነበረባቸው። መብቱ አለ፤ የተጠቀመበት ሰው ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አልተገኘም። የመሣሪያው መሐንዲስ ሰሚራ ተጠራች፤ ሽማግሌው የተናገሩበትን ቀን ፈልጋ ከፈተችው። የላምቦሬ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ማራገቢያው ከቆመ ስድስት ቀን ሆነው። እርጥብ ጨርቅ እያለበስኳት ነበር፣ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል። አሁን አትመልስልኝም። እባካችሁ አንድ ሰው ላኩልኝ። መሰላሉን የሚይዝልኝ ብቻ ቢሆንም ይበቃል።»

ቀጥሎ የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ሰሚራ አላቋረጠችውም።

ሚኒስትሩ ተነሡ። «አንብቤዋለሁ። ይቺን ገጽ አንብቤያታለሁ። አልሰማሁም ነበር» አሉ። ዕቅዳቸውንም ሰረዙ። ከሰዓት በኋላ ጠጋኞች ወደ ሰባተኛው ደርብ ወረዱ፤ ሲመሽ ማራገቢያው ሠራ። የሌሎቹም ደርቦች ድምፅ ሲከፈት በዚያ ዓመት በሙቀት የሞቱት አሥራ አንድ ሆነው ተገኙ።

የቀረው የመሣሪያው ብልሽት ነበር። ምክር ቤቱ እልፍነሽን ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጋት። ሰሚራ ዐሥር ቀን ሙሉ መሣሪያውን ስትፈትሽ ሰንብታ መጣች።

«ብልሽት የለውም» አለች።

«ታዲያ ገጹን ማን ነው እንዲህ ያለዘበው?»

«የታዘዘው የሚነበብ ገጽ እንዲጽፍ ነው። እያንዳንዱ አንባቢ የት ላይ ገጹን እንደሚዘጋው ያያል። መጀመሪያ ላይ ሞተ፣ ተራበ እያለ እንዳለ ይጽፈው ነበር። አንባቢዎቹ ሁለተኛው መስመር ላይ ይዘጉታል። መለስተኛ ሲል ግን እስከ መጨረሻው ያነቡለታል። ዓመት በዓመት ለዘብ እያደረገው መጣ።»

«ሚኒስትሮቹ ናቸው እንዲህ ያስተማሩት?»

ሰሚራ የአንባቢዎቹን ዝርዝር ገለጠችላት። ሚኒስትሮቹ ነበሩበት። እልፍነሽ ጉርሙም ነበረችበት። ከአራት ዓመት በፊት «በሰባተኛው ደርብ አንዲት እናት ልጇን በሙቀት አጣች» ተብሎ የጀመረ ገጽ ደርሷት በዘጠኝ ሰከንድ ዘግታዋለች። በማግስቱም ሌላ ገጽ፤ እሱንም በሰባት ሰከንድ። ያን ጠዋት ለማስታወስ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም። ስብሰባ ደርሶባት ይሆናል።

«ይህን ልተወው እችላለሁ» አለች ሰሚራ ቀስ ብላ። «ስም ሳልጠቅስ፣ በጥቅሉ ብጽፈው...»

«እሱማ ቃለ አጣሪ ሆንሽ ማለት ነው።»

እልፍነሽ ዝርዝሩን ለምክር ቤቱ አነበበች፤ ከራሷ ስም ጀምራ። የሚቀጣ አልነበረም። ገጽ መዝጋት የሚከለክል ሕግ አልነበረምና። ምክር ቤቱ መሣሪያው እንዲታረም ወሰነ፤ አንባቢውን እንዴት ማረም እንደሚቻል ግን ሐሳብ ያቀረበ አልተገኘም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወደ ሰባተኛው ደርብ ወርዳ የላምቦሬን በር አንኳኳች። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የዘጠኙን ሰከንድም ጭምር። ሽማግሌው እስክትጨርስ ሰሟት።

«የሰው ጉዳት መስማት ከበድ ይላል» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ብሆን ጎረቤቴ ሲያለቅስ በሬን የዘጋሁበት ቀን አለ። በይ ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

ተቀመጠች። ስለ ባለቤታቸው ሞት ይነግሩኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። እሳቸው ግን የጀመሩት ኋላ ሚስታቸው የሆነችው ዳመነች የምትባል ልጅ በስድስተኛው ደርብ ገበያ የሰበረችውን የማራገቢያ ክንፍ ይዛ፣ ጠግንልኝ ብላ ወደ ሱቃቸው ከመጣችበት ቀን ነው። ታሪኩ ረጅም ነበር። እየደጋገሙ፣ ስም እየጠፋባቸው ተረኩላት። እልፍነሽ ሁለት ጊዜ ለመነሣት ከወንበሩ ጫፍ ደረሰች። ሁለቱንም ጊዜ ተመልሳ ተቀመጠች።