መቶ አርባ ሦስት ጠዋት

በድሬዳዋ ሰው ሰውን «ወፈርሽ»፣ «ከሳህ»፣ «ፊትሽን ምን ነካው» ማለት አላቆመም። መስማት ብቻ ነው ያቆመው። ጆሮ ውስጥ የምትቀመጥ፣ የምስር ፍሬ የምታክል መሣሪያ አለች፤ «ወንፊት» ይሏታል። ስለ አካል የተነገረውን ይዛ ታስቀርና በተናጋሪው በራሱ ድምፅ «ሰላም አደርሽ?» ብላ ታሳልፋለች። ተናጋሪው የልቡን ተናግሮ ይሄዳል፣ ሰሚው ሰላምታ ተቀብሎ ይሄዳል። የከንፈሩ እንቅስቃሴ ከድምፁ ጋር አለመግጠሙን ልብ የሚለው ሕፃን ብቻ ነው፤ እሱም ያድግና ይተወዋል። ከተማው በዚህ ከተስማማ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

ዘነበች የምትሠራው ወንፊቱ ያስቀረው ሁሉ በሚከማችበት መሥሪያ ቤት ነው። ስሟ የአሮጊት ቢመስልም ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ የቅድመ አያቶች ስም ፋሽን ሆኖ በተመለሰ ጊዜ ነው የተወለደችው። ሥራዋ ማሽኑ የተጠራጠረባቸውን ንግግሮች እያነበበች «ይለፍ» ወይም «ይቅር» ማለት ነው።

«ቦርጭህ ገብቷል፣ አንተ መቼ ትደርሳለህ?» ይቅር። «ልብሱ ነው አንቺን የለበሰሽ።» ይቅር። «ሐብሐቡ ትልቅ ነው።» ይለፍ፤ እሱም የት እንደተባለ ከታየ በኋላ፤ ገበያ ውስጥ ነው።

በቀን አራት መቶ። ስምም ድምፅም የላቸውም። የሌላ ሰው ነው፣ እሷን አይመለከትም። አራት ዓመት ሙሉ አልተመለከታትም። ከዓመት ወዲህ ግን መስታወት ፊት ስትቆም ቀን ካነበበችው እየመረጠች ለራሷ ትለው ጀመር። ምሳዋን ለባልደረቦቿ ታከፋፍላለች፤ ለጋስ ናት ይሏታል። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሹራብ ትለብሳለች። የመሥሪያ ቤቱ አማካሪ ማሽን በየወሩ «እንዴት ነሽ?» ይላታል። «ደህና» ትለዋለች። አረንጓዴ መብራት ያበራና «በርቺ» ይላታል።

አንድ ማክሰኞ ማሽኗ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይመላለስ ጀመር። «ከስተሻል፤ ምን ሆነሽ ነው?» ይቅር ትላለች፤ ይመለሳል። ይቅር፤ ይመለሳል። የጥገናውን ረመዳንን ጠራችው።

ረመዳን ማሽኑን ከፍቶ አየው፤ ከዚያ ምንም ሳይነካ ዘጋው።

«አልተበላሸም» አለ። «እውነትም መቶ አርባ ሦስት ጊዜ ተብሏል። አንድ ተናጋሪ፣ አንዲት ሰሚ፣ ሁልጊዜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ።»

«ምን ዓይነቱ ጨካኝ ነው አቦ።»

«ተደጋጋሚ ጥቃት ይባላል። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተሰረዘ ማስጠንቀቂያው በራሱ ይሄዳል። ሦስተኛው ነው፤ ተናጋሪው ከሥራ ይሰናበታል።»

«ይሰናበታ።»

«መጀመሪያ አንድ ጊዜ በዋናው ድምፅ ማዳመጥ አለብሽ። ደንቡ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም» ብሎ ወጣ።

ወንፊት የማያግደውን የመሥሪያ ቤቱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከፈተችው። መጀመሪያ የብረት በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ከዚያ የምታውቀው ድምፅ መጣ፤ የመሥሪያ ቤቱ በር ጠባቂ እትዬ ሶሊያና።

«ከስተሻል፤ ምን ሆነሽ ነው?»

ቀጥሎ የሰሚዋ መልስ። የራሷ የዘነበች ድምፅ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?»

ሌላ ጠዋት ከፈተች። «ከስተሻል፤ ምን ሆነሽ ነው? ሐኪም አይቶሻል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?»

ሌላ ከፈተች። «ከስተሻል፤ ምን ሆነሽ ነው? የእህቴም ልጅ መብላት ትታ ነበር፣ አእምሮዋ ነበር የታመመው። ከዚራ ሰፈር አንዲት ሐኪም አለች። ልውሰድሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?»

ማዳመጫውን አወለቀች። አራተኛውን አልከፈተችም።

ማስጠንቀቂያውን ለመሰረዝ መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። ሰሚዋ በስሟ ቀርባ፣ የተባለው ነገር እውነት እንጂ ጥቃት አለመሆኑን ትመሰክራለች። ዘነበች ዓመት ሙሉ በሹራብ የሸፈነችውን አለቃዋ በሚያነበው ቅጽ ላይ መጻፍ አለባት ማለት ነው። ካልጻፈች እትዬ ሶሊያና ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ አትኖርም። ጻፈች፣ አጠፋች። ስለ ሥራ ብዛት አንድ ነገር ጻፈች፣ እሱንም አጠፋች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን «እውነት ነው፤ አሞኛል» ብላ ላከችው። ቅጹ ሃያ መስመር ነበረው።

ወንፊቷን ከጆሮዋ አውጥታ ወደ በሩ ወረደች። እትዬ ሶሊያና ጥላው ሥር ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል፤ ድሬዳዋ ግን አንቱታ ዛሬም አልተመቻትም።

«እትዬ ሶሊያና፣ ስትጠይቂኝ የኖርሽውን ዛሬ ሰማሁት» አለቻት።

«ዛሬ?»

«እስከዛሬ እኔ የሚደርሰኝ ሰላምታ ነው። ወንፊቱ ይዞት ነው የኖረው። ግን አንቺ ምን ሆነሽ ስትይኝ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ስልሽ፣ ግራ አልገባሽም?»

«ለምን ግራ ይገባኛል?» አለች እትዬ ሶሊያና። «ወንፊት ሳይመጣ በፊትም እዚሁ በር ላይ ነበርኩ። ያኔ ሁሉም አጥርቶ ይሰማኝ ነበር። ልጁን የቀበረውም፣ ትዳሩ የፈረሰበትም፣ ምን ሆነህ ስለው የሚመልስልኝ ይህንኑ ነው።»

ዘነበች ግድግዳውን ተደገፈች።

«ታዲያ ለምን በየቀኑ ትጠይቂኛለሽ?»

«አንድ ቀን ይደክምሻል ብዬ ነዋ። ደህና ነኝ ማለቱ።»

ዘነበች አፏን ከፈተች። የለመደችው መልስ ቀድሞ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው፤ እስኪወርድ ጊዜ ወሰደባት።

«ደክሞኛል» አለች። «ሐኪሟ ዛሬ ትኖር ይሆን?»

እትዬ ሶሊያና በጉልበቷ ላይ ተደግፋ ተነሳች። በሩን ከውጭ ቆለፈችው፣ ቁልፉን ጥበቃ ቤት ውስጥ ላረፈው ሌላው ጥበቃ በመስኮት አቀበለችውና ዘነበችን ክንዷን ያዘቻት። ለምሳ ሊወጡ የመጡት ሠራተኞች ከበሩ ፍርግርግ ኋላ ተደርድረዋል፤ ሌላው ጥበቃ ገና ጫማውን እያደረገ ነው።

«እኛስ?» አለ ረመዳን ከመሃላቸው።

«ጠዋት ሁላችሁም ደህና ነን ብላችሁኛል» አለች እትዬ ሶሊያና ዞር ሳትል። «ደህና ሰው መጠበቅ አያቅተውም።»