ከአመድ መሐል የበቀለው እንክርዳድ

ቨርን በስንዴ ማሳው መሐል በደረቱ ተደፍቶ፣ ጀርባው ከስሎ ተገኘ። በምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ አገር ከገለባ እሳት የሚፈጥን ወሬ ብቻ ነው፤ ሬሳው ሳይነሳ «ሚስቱ ሎርሊን ናት ገዳይዋ» ተባለ።

ምስክሩ የሟቹ ታናሽ ወንድም ኮሊን ነበር። «የገለባውን መስመር ለኩሼ ጨርሼ ዘወር ስል፣ ገፍትራ ነበልባሉ ውስጥ ጣለችው። በዓይኔ በብረቱ!»

ሳጅን ግሌኒስ ግን ውሸትን ከመቶ ኪሎሜትር የምታሸት ሴት ናት፤ እሷ ባለችበት ወረዳ ቀበሮ እንኳ ዶሮ ሰርቆ አያድርም። ሎርሊን ችሎት ልትቀርብ አንድ ቀን ሲቀራት፣ የበልጉ ዝናብ ከጣለ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ግሌኒስ ወደ ማሳው ተመለሰች። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሎርሊንን፣ ኮሊንንና ጎረቤታቸውን ትሬቨርን አስጠራች።

«ትሬቨር፣ ይህን መስመር ለምን ታቃጥሉታላችሁ?»

«ምነው ሳጅን፣ ሕፃን የሚያውቀውን! አጫጁ ማሽን ገለባውንና የእንክርዳዱን ዘር እዚህ ይደፋዋል። ዘሩ መሰሪ ነው፤ በጋውን ሙሉ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። እኛ ደግሞ ሳይነቃ እንጠብሰዋለን።»

«የተጠበሰ ይበቅላል?»

«አያቴ ከመቃብር ተነስታ ከጨፈረች!»

ግሌኒስ ጣቷን ቀሰረች። ያ ሁሉ ረጅም መስመር ራቁቱን ጠቁሯል። ቨርን በወደቀበት ቦታ ብቻ እንክርዳድ ለምልሟል፤ ትከሻው፣ የተዘረጋው ክንዱ፣ ሁሉም በአረንጓዴ ተስሏል። ሎርሊን አፏን በእጇ ያዘች።

«ነበልባል ውስጥ ቢጣል ኖሮ ከሥሩ ያለው ዘር ቀድሞ በነደደ ነበር» አለች ግሌኒስ። «ዘሩን ያተረፈው የቨርን ገላ ነው። እሳቱ ሳይደርስ እዚህ ተጋድሞ ነበር ማለት ነው። ኮሊን፣ አየሁ ያልከው ነገር አልሆነም።»

«እንግዲያው... እንግዲያው ቀድማ ገድላው ይሆናላ! እኔ ምን አውቄ?»

«ትሬቨር፣ ኮሊን ሲለኩስ ቦታ እየዘለለ ነው?»

«ኧረ ተይ! ‹አንዲት እርምጃ አልዘልም› እያለ ሃያ ዓመት ጆሯችንን አደንቁሮታል።»

«ስለዚህ ኮሊን፣ ችቦህን ወንድምህ አጠገብ አድርሰሃል። አይተኸዋል። ለኩሰህ አለፍክ።»

ኮሊን ቁጭ አለ። «አረሙ አሸንፎናል፣ ማሳውን ለበግ እንተወው አለኝ። ሃያ ዓመት ተዋግቼ! በመፍቻ... አንዴ ብቻ ነው የመታሁት።»

ወደ መኪናው ሲወስዱት፣ የቆየ ልማድ ሆኖበት፣ ጎንበስ ብሎ ከአረንጓዴው ትከሻ ላይ አንዲት እንክርዳድ ሊነቅል እጁን ሰደደ። ሎርሊን እጁን መታችው።

«ተዋት» አለችው። «ታፍራ።»