ሰማያዊ መስመር የሌለው ወረቀት

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ፍርድ ቤት ሽማግሌ ጸሐፊ ረፋድ ላይ ከደረጃው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የወደቁት ከሦስተኛ ፎቅ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ «ሕይወት ታከተኝ፤ ይቅር በሉኝ» የሚል፣ ፊርማቸው ያለበት ወረቀት ስለነበር ፖሊስ ብዙም ሳይደክም መዝገቡን ዘጋ። የመድን ድርጅቱ ደግሞ ከፖሊስ ፈጠነ። ሚስታቸው የሞት ካሳ ሲጠይቁ በአራት መስመር ደብዳቤ፣ «ሟች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ውሉም ሁለት ዓመት ስላልሞላው ካሳ የለም» ብሎ ሸኛቸው።

ባልቴቷ ደብዳቤውን ይዘው ወደ መድን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄዱ። የተቀበለቻቸው መርማሪ ድርጅቶቹ በሐሜት «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት ናት። አንብባ ስትጨርስ ደሟ ፈላ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ በአራት መስመር መሸኘቱ አበሳጫት።

«እማማ፣ እርስዎስ ራሳቸውን አጥፍተዋል ይላሉ?»

«ያን ዕለት ጠዋት ጫማቸውን ሶል እንዲለወጥለት ሰጥተው ነው የሄዱት፣ ልጄ። ሊሞት የቆረጠ ሰው ሶል ያስለውጣል?»

«አያስለውጥም። ግን እነዚህ ሰዎች በሶል አይረቱም። ቆይ እናያለን።»

በማግሥቱ ጠረጴዛቸው ላይ የተገኘውን ዋናውን ማስታወሻ ከፖሊስ ከተረከበው የመድን ድርጅት አስወጥታ፣ የውሉንም ቅጽ ጨምራ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደች። ዳኛው ቄስ የድሮ መዝገቦችን አወጡላት። በየገጹ፣ ከመጨረሻው ቃል በታች ያለው ባዶ ቦታ እስከ ፊርማው ድረስ በገረጣ ሰማያዊ እርሳስ በመስመር ተዘግቷል።

«ይሄ ምንድነው አባ?»

«የሳቸው ነገር ነዋ! ባዶ ቦታ የሌባ በር ነው ይሉ ነበር። ማንም ከምስክሩ ቃል በታች እንዳይጨምር ይዘጉታል። ሠላሳ ዓመት አንዴም አልረሱም።»

«ምነው እንዲህ ገረጣ?»

«ጽሑፉን እንዳያበላሽ ብለው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ እንኳ አያነሳውም።»

መርማሪዋ ማስታወሻውን አውጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሟች በመጨረሻ የያዙት ጉዳይ ምን እንደነበር ጠየቀች።

«የአንድ ባለጸጋ ጋብቻ ነው» አሉ ዳኛው። «ባልየው ከመነሻው አልጸናም ይባልልኝ ይላል፤ ሚስቲቱ ትቃወማለች። ጸሐፊያችን በሁለት ምስክሮች ቃል ላይ አልፈርምም ብለው፣ ምክንያቱን ሊነግሩኝ ቀጠሮ ይዘን ነበር። በቀኖና ሕጋችን ጸሐፊ ያልፈረመበት ቃል ከንቱ ነው። በቀጠሯችን ቀን ሞቱ። በማግሥቱ የምስክሮቹ ቃል ያለበት ፖስታ ከባልየው ጠበቃ መጣ፤ እኔ ግን ለመክፈት አቅም አጣሁ።»

«አይክፈቱት። ነገ ሁላችንም ባለንበት ይከፈታል።»

በነጋታው አምስት ሰው በችሎቱ ክፍል ተሰበሰበ፦ ባልቴቷ፣ ዳኛው፣ የመድን ድርጅቱ የካሳ ኃላፊ፣ የባለጸጋው ጠበቃና መርማሪዋ።

«ፊርማው የሳቸው ነው፤ ምን ያነጋግረናል?» አለ ኃላፊው ፈገግ ብሎ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?»

«እርስዎ ከሁለቱ የትኛው ነዎት?» አለችው። ፈገግታው ጠፋ። «ራሳቸውን አጥፍተዋል ካሉ የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት እንጂ እኚህ እናት አይደሉም። እስኪ ማስታወሻውን እንየው። ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ፊርማ። ሰማያዊው መስመር የት አለ?»

«ለገበያ የሚሰጡኝን ወረቀት እንኳ ሳያሰምሩ አይተዉም ነበር» አሉ ባልቴቷ።

«ስለዚህ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። አባም እማማም መስመሩን ስለሚያውቁ አይረሱትም ነበር። ፊርማው ደግሞ ረጅሙ፣ በችሎት መዝገብ ላይ ብቻ የሚፈርሙት ነው፤ በመድን ውላቸው ላይ ያለው አጭሩ ነው። የካሳ ኃላፊው ረጅሙን አይተውት አያውቁም። የቀረው የችሎቱን መዝገብ የሚያውቅ፣ የሚያውቀውም በፎቶ ኮፒ ብቻ የሆነ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ጠበቃው ዞሩ።

«ሥራ ይበዛብኛል፤ ኮፒ ይላክልኛል» አለ ጠበቃው። «ይሄ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ሕጉ እዚህ መጥተው ዋናውን መዝገብ የማንበብ መብት ሰጥቶዎት ነበር። አባ፣ በእንግዳ መዝገቡ ላይ የጠበቃው ስም ስንት ጊዜ አለ?»

ዳኛው ገጾቹን ገለጡ። «በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ። ጸሐፊያችን በሞቱበት ጠዋት። ስሙን የጻፉትም እሳቸው ናቸው።» ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ። «ከሥሩም አስምረውበታል።»

«እንግዲህ ፖስታውን ይክፈቱት።»

የምስክሮቹ ቃል ወጣ። ረጅሙ ፊርማ አለ፤ መስመሩ የለም።

«ምስክሮቹን ቢሮዎ ጠርተው ቃላቸውን ያለ ጸሐፊ ጻፉ» አለች መርማሪዋ። «እሳቸው ያላዩትን አልፈርምም አሉ። ፊርማቸውን ቢያስመስሉ ደግሞ እሳቸው በሕይወት ካሉ ይክዱብዎታል። ስለዚህ ገደሏቸው!»

«አንድ ፊርማ ነበር የለመንኳቸው!» ጠበቃው ጠረጴዛውን መታ። «አንድ ፊርማ! ለደንቡ ያህል! ምን ነበረበት?»

«ያቺ ሴትዮ ነበረችበታ!» ብለው ጮኹ ዳኛው። «ትዳሯን በሐሰት ልታፈርስባት!» ስልኩን አንስተው ፖሊስ ጠሩ።

ጠበቃው ከተወሰደ በኋላ የካሳ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «በጣም ያሳዝናል። እንግዲህ የመጨረሻው ፍርድ እስኪሰጥ ክፍያው ይቆያል።»

«ለምን?»

ኃላፊው ቦርሳውን ብድግ አደረገ።

«በደብዳቤዎ ያነሱት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን ሞተ» አለች መርማሪዋ። «እኚህ እናት ባላቸውን ቀብረው ሳያበቁ ስማቸውን ደግሞ እርስዎ ቀበሩባቸው። የክፍያውን ቅጽ ያውጡ።»

አወጣ። ባልቴቷ ሳይቸኩሉ ከላይ እስከ ታች አንብበው ፈረሙ። ከዚያ ከቦርሳቸው ጣት የምታህል ሰማያዊ እርሳስ አውጥተው፣ ከመጨረሻው ቃል እስከ ፊርማቸው ድረስ ባዶውን ቦታ በመስመር ዘጉት።

«በሉ ውሰዱት» አሉት።